ዓመተ ምህረቱን ሳይሆን አያያዙን ግዙ፦ ያገለገለ መኪና ለከተማ ዳር ሰዎች

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

ሰላም ናችሁ ወዳጆች? ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው ያው ነው፤ "በዚህ ብር ቪትዝ ልግዛ ወይስ ያሪስ? የ2001 ይሻላል ወይስ የ2007?" (በእ.ኤ.አ. ነው)። ለያንዳንዱ ከመመለስ እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ዓመተ ምህረቱን አትግዙ፣ አያያዙን ግዙ። ዘይቱ በጊዜው ሲቀየርለት የኖረ የ2001 ቪትዝ፣ ለሽያጭ ተብሎ ቀለም ከተለቀለቀ የ2007 ያሪስ በብዙ ይበልጣል። ይሄ በተለይ ለእኛ ለዳር ሰዎች ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ የሚኖር ሰው መኪናው ጠዋት አልነሳም ካለው ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። አስፋልቱ ጋ እስክንደርስም ኮረኮንቹ አለ።

ገበያውም ተቀይሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ አመጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ የገባው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም። የሚደርሳችሁ መኪና ስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት።

መኪናውን ለማየት ጠዋት ሂዱ። ለሻጩ "እኔ እስክመጣ አታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚሰማ ድምፅና የሚታይ ጭስ አለ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ቡናማ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬቱ ያሰጋል። የዘይት መሙያውንም ክዳን ገልብጣችሁ እዩ። ነጭ ቅባት ካለው ቶሎ አትፍረዱ፤ በብርዳችን አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ላይ ትንሽ ነጭ ሊይዝ ይችላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ካገኛችሁት ግን ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። አመስግናችሁ ሂዱ።

ከዚያ አስነሱት። አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁም። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ እንፋሎት ጠዋት ያለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውሃ እየገባ ነው።

ስትነዱት ሬዲዮውን አጥፉ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት አክሱ ጆይንት አልቋል። ዳገት ፈልጉ። ኮረኮንች ላይ አውጡት፤ የተበላ ጎሚኒና ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ) ራሱ ይናገራል። ሻጩ "እዚች አስፋልት ላይ ብቻ" ካላችሁ ለምን እንደሆነ ገምቱ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እኔ አላምነውም። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ አምናለሁ። "80,000 ብቻ ነው የነዳሁት" የተባለ መኪና ፔዳሉ ብረቱ ከታየ ቁጥሩ ተነክቷል።

---

እሌኒ ከለገጣፎ ጻፈች፦

ጋሼ እናመሰግናለን። አንድ ቪትዝ አይቼ ልቤ ወዶታል። ደላላው "ኦሪጅናል ግራ መሪ ነው፣ ምንም ንክኪ የለውም" ይላል። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ኤስ-ሲ-ፒ 10 ብሎ ይጀምርና ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት ቁጥር አለው። ይሄ ምን ማለት ነው? ልጆች ትምህርት ቤት ላደርስበት ነው የምፈልገው።

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

እሌኒ እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ሻንሲውን አየሽ። እንዲህ ያለ አጭር ቁጥር ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ነው። ቪትዝ የሚለው ስም ራሱ በዋናነት የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ደላላው ያለሽ ልክ አይደለም። መኪናው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ነው የገባው። ለአውሮፓ የተሠራው ያሪስ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም ሻንሲ አለው። ፈረንሳይ የተገጣጠመው ለምሳሌ ቪ-ኤን-ኬ ብሎ ይጀምራል።

መሪ የዞረ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከተማችን በሱ ነው የተሞላው። እንዴት እንደዞረ ግን ማየት የግድ ነው። እኔ የማያቸውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያው። ብዙ ጊዜ ሳይዞር ይቀራል። ከሹፌሩ በኩል፣ በግራ ጥግ በኩል፣ ሰፋ ያለ ሳይጠረግ የሚቀር መስታወት ታያለሽ። ክረምት ላይ በለገጣፎ መንገድ ከጎን የሚመጣ ሰው የሚሰወርሽ እዚያ ጋ ነው።

ሁለተኛ የፊት መብራቱ። የጃፓን መብራት አጭሩ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እዚያ በግራ ነው የሚነዳው። እኛ ጋ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። ማታ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመሽ አብሪው። ብርሃኑ በግራ በኩል ከፍ ካለ መብራቱ መቀየር አለበት። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ማታ መንገድ ላይ ዓይኔን ያጠፉኝን መኪኖች ሳስብ በጣም ያሳስበኛል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ከመሪው ስር ጎንበስ ብለሽ በባትሪ እዪ። የመሪው ዘንግ ተቆርጦ የተበየደበት ካለ፣ በነፃ ቢሰጡሽ አትውሰጂው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይም ብየዳው ዝገት ይዞ እንደሆነ ተመልከቺ። ቁልፉን ስታዞሪ የኤርባግ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አውጥተውት ሊሆን ይችላል። ልጆች ለሚጫኑበት መኪና ይሄ ቀልድ አይደለም።

---

መካኒኩ ከአለም ገና ጻፈ፦

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም የምጨምረው አለኝ። ዱባይ ላይ በደንብ የዞረ መኪና ከኦሪጅናል ግራ መሪ ላይ የተወሰደ ሙሉ የመሪ ሳጥን ነው የሚገጠምለት። እሱ ችግር የለውም፤ ዕቃውም ይገኛል። ችግሩ የቀኙን ሳጥን ገልብጠው፣ ቆራርጠው የሠሩት ነው። ክሪክ ላይ አንስታችሁ ጎማውን በእጅ ብትወዘውዙት ይታያል። ጋራዥ ወስዳችሁ ከስር ለማሳየት የምትከፍሉት ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ባለፈው ሌላ ውይይት ላይ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋው ቫልቭ) ማውጣት ጥፋት ነው ብለው ነበር። እኛ ጋ የሚመጣ መኪና ግማሹ ሙቀት ብሎ ነው የሚመጣው። ቴርሞስታቱን አውጥተን እንሰጠዋለን፣ ሙቀቱ ይቆማል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። አዲስ አበባ ዳገት ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር የተቃጠለ ቴስታታ አያመጣም።

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ሥራህን አከብራለሁ። ሙቀት ይዞት የመጣውን ሰው መርዳት እንደምትፈልግም ይገባኛል። በዚህ ግን እንከራከር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እንደ እንጦጦና ሱሉልታ ያለው ዙሪያዋ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት 82 አካባቢ ይከፈታል። ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው ምንድነው? የራዲያተሩ ክዳን! ክዳኑ ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከ100 በላይ ያወጣዋል። ላስቲኩ የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። እኛ ጋ ውሃውን ወዲያው ያፈላዋል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ግን ሙቀት የያዘ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ክዳኑን የሚቀይር ጋራዥ ስንት አለ?

ቀጥሎ የቧንቧ ውሃ። ኩላንት መፍያውን ከፍ ከማድረጉም ሌላ ዝገት ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ራዲያተሩን ከውስጥ ይደፍነዋል፣ የውሃ ፓምፑን ይበላዋል። ከዚያ ሙቀት ይመጣል፤ ቴርሞስታት ይወጣል። መንስኤው ግን እዚያው አለ።

ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ጠዋት በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ቤንዚን እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይሄ በየቀኑ ከኪስ የሚወጣ ብር ነው። ዘይቱም በልኩ ካልሞቀ እርጥበቱን አይለቅም፤ ይቆሽሻል፣ ፋሻ ይበላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ክዳን፣ ኩላንት፣ የራዲያተር እጥበት፣ ማራገቢያው በሰዓቱ መነሳቱ፣ ከዚያ አዲስ ቴርሞስታት ይሁን። እነዚህን አድርገህ አሁንም ከሞቀ የቴስታታ ጋስኬቱን እንይ።

---

መካኒኩ ከአለም ገና ጻፈ፦

ስለ ክዳኑ ያሉት ገባኝ። እውነት ለመናገር ክዳን የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ እኛ ሰፈር አላውቅም፤ በዓይን አይተን ነው የምናልፈው። ከዛሬ ጀምሮ ሙቀት ይዞ የመጣን መኪና ክዳኑን ቀይሬ እጀምራለሁ። ደንበኛ "አውጣልኝ" ካለኝ ግን አወጣለሁ፤ መኪናው የሱ ነው።

---

ዲኤክስ ሱሉልታ ጻፈ፦

ሁላችሁም ስለ ቪትዝ ታወራላችሁ። የኔ መኪና የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ፎር ኬ ሞተር፣ 1,290 ሲሲ፣ ካርቡሬተር። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ካንዴላውን መንገድ ዳር አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ እሄዳለሁ። ኮረኮንች አይፈራም። በሱሉልታና በአዲሱ ገበያ መካከል ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለዳር ሰው ከዲኤክስ በላይ መኪና ካለ ንገሩኝ።

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ዲኤክስን እኔም እወደዋለሁ። ኮፈኑን ከፍተህ መሬቱ የሚታይበት መኪና ነው፤ እጅህ የማይደርስበት ብሎን የለም። አገር ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ካርቡሬተሩ ለከፍታችን የተስተካከለ እንደሆነ ግን አረጋግጥ። አየሩ እዚህ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አሁን "አውጥቼ ጠርጌ" ያልከው ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል። ካርቡሬተር በደንብ የሚያውቅ ሰው አሳየው።

ለመጀመሪያ መኪና ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ልጆች ለሚያመላልስ፣ ግን አልመክርም። ኤርባግ የለው፣ ኤቢኤስ የለው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዘመናዊው ጋር አይወዳደርም። ዋጋውም ለዕድሜው የማይገባ ሆኗል።

ቁልቁለት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ። በማርሽ ያዙት፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዱት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። መኪና ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ ከምትቀይሩት ነገር አንዱ ይሁን።

ከፍታው ጉልበትም ይወስዳል። የአንድ ሊትሯ ቪትዝ ሞተር ፋብሪካ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ነው። እዚህ ከአምስት አንዱ ይቀንሳል፤ 55 ገደማ ይቀራታል። አራት ሰውና ዕቃ ጭናችሁ በየቀኑ ዳገት የምትወጡ ከሆነ 1.3 ግዙ። ሜዳ ላይ፣ ከገላን ቃሊቲ ለምትመላለሱ ሊትሯ ትበቃለች።

---

አያት ኮንዶሚኒየም ጻፈ፦

እኔ ቤንዚን ሰልፍ ሰልችቶኝ ኤሌክትሪክ ገዝቻለሁ። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ለምን ሰው አሁንም ያረጀ ቪትዝ ላይ ብሩን ያፈሳል?

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

እንኳን ደስ ያለህ። ቤትህ ቻርጅ ማድረግ ከቻልክ ወጪው ከቤንዚን ጋር አይተያይም። ቁልቁለት ስትወርድም ባትሪውን ይሞላልሃል፤ ለኛ ከተማ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ለሚገዛ ግን ባትሪው ነው መኪናው። የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ በመሣሪያ ሳያስለኩ ብር መክፈል አይገባም። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ የቻርጅ ሶኬቱ ጂቢ ቲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የምትሞሉበት ቦታ እሱ እንዳለው ጠይቁ። ስክሪኑም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ወለሉ ስር ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ የመታው መኪና አለ። ክሪክ ላይ አስነስታችሁ ከስር ያለውን መሸፈኛ እዩ፤ ጎድጎድ ያለ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰውም አስቦ ይግባበት።

---

ወጣቱ ከሰበታ ጻፈ፦

ጋሼ፣ አንድ ያሪስ ዋጋው ደህና ነው። ሻጩ ግን ባለቤቱ አይደለም፤ ከባለቤቱ ውክልና ይዞ ነው የሚሸጠው። "ለአንተም ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስም ማዛወሩን ቀስ ብለህ ትጨርሳለህ" አለኝ። ልግባበት?

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

በውክልና አትግዛ፣ ልጄ። ውክልና የሰጠው ሰው በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከሞተ ደግሞ ውክልናው ያኔውኑ ይቀራል፤ አንተ መኪናውን ይዘህ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቆማለህ።

መንገዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ዕዳና እገዳ አጣራ። መኪናው ኦሮሚያ የተመዘገበ ከሆነ ፋይሉ ያለው ኦሮሚያ መንገድ ትራንስፖርት ነው። ባንክ ይዞት እንደሆነ፣ የትራፊክ ቅጣት እንዳለበት ታያለህ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ፣ በዓይንህ አመሳክር። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ፈርሙ። ብሩን በባንክ አስተላልፍ። ስሙ ወዳንተ ሳይዞር "ቀስ ብለህ" የሚባል ነገር የለም። ቦሎውና የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም የዘንድሮ መሆኑን እይ።

ያ ሰውዬ ባለቤቱን ማምጣት ካልቻለ፣ ዋጋው ደህና የሆነበት ምክንያት እሱ ነው።

---

እሌኒ ከለገጣፎ ጻፈች፦

ሄጄ አየሁት። የመሪው ዘንግ ብየዳ የለውም፣ ከስርም መካኒክ አይቶ ሙሉ ሳጥን የተቀየረለት ነው አለኝ። መብራቱ ግን እንዳሉት ወደ ግራ ነው። ሲዞርም ቀጭ ቀጭ ይላል። ኤርባጉ በርቶ ይጠፋል። ሻጩ "ዕቃው ቀላል ነው፣ ሶማሌ ተራ ሞልቷል" ይላል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ጥሩ ነው።

---

የቱሉ ዲምቱው ጻፈ፦

ዕቃው ቀላል ከሆነ እሱ ያሠራውና ይሽጥልሽ፤ አለበለዚያ ከዋጋው ይቀንስ። መጀመሪያ የመብራቱንና የጆይንቱን ዋጋ ራስሽ ጠይቂ፣ የሠራተኛ እጅም ጨምሪበት፣ ከዚያ ቁጥሩን ይዘሽ ተደራደሪ። ሶማሌ ተራ ለዕቃ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአንድ ቪትዝ የሚሆን ጆይንት ለሌላው ጥርሱ ላይገጥም ይችላል። ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ አስመስሎ ከተሠራ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድሜ አለው። የፍሬን ፓስቲካና ፊልትሮ ግን አዲስ ብቻ።

ከመኪናው ዋጋ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው ወር አስቀምጪ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት ሁሉም አንዴ ይቀየር። የቀድሞው ባለቤት "ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ" ቢልሽም ቀይሪው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ጎማውን በጥርሱ ብቻ አትለኪው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3516 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ ቆሞ የኖረ መኪና ጎማው ጥርስ እያለው ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ በዝናብ አስፋልት አይዝም። አሥር ዓመት ያለፈው ከሆነ ጥርሱን አትዪው፣ ይቀየር። አሁን ለሁለት ጎማ ብቻ ከሆነ አቅምሽ፣ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሚ። ጎሚስታው "መሪው ከፊት ነው፣ ከፊት ይሁን" ሊልሽ ይችላል፤ እሺ አትበዪው። የፊቱ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይሰማሻል፣ ፍጥነት ቀንሰሽ ትመልሺዋለሽ። የኋላው ሲያመልጥ ግን መኪናው ይሽከረከራል።